መጽሐፉን አናሰናብተው!

ባለፈው ሳምንት በልጆች ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ የሆነውን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። መምህራችን የታጠፉ ወረቀቶች የሞሉበት ካርቶን ይዘው ገቡ። እያንዳንዳችን አንዳንድ አወጣን። በየወረቀቱ ላይ የሥራ ስም ተጽፏል፤ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ ሕፃናት ተንከባካቢ፣ የጉልበት ሠራተኛ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራችሁ ይህ ነው፤ እምቢ ማለት አይቻልም» ተባልን። ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛችን የእሷን ገልጣ «ወላድ» ብላ ብታነብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ምን ተሰማችሁ?» የሚል ወርክሽት ታደለን፤ ሦስት መስመር ሞልተን መለስን፤ ወጣን።

ይህ ሁሉ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሎይስ ላውሪን «ዘ ጊቨር» ለልጆች እንዴት እንደሚያስተምሩት እንድናውቅ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ በዓመቱ የኒውቤሪን ሜዳልያ አገኘ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በብዛት ስለሚነበብ የማስተማሪያ ወረቀት እንደ አንበጣ ወርሮታል። ሥራ በዕጣ ማደል፣ ፍጹም የሆነች ከተማ ነድፎ በካርቶን ላይ መሣል፣ ቃላትን ከፍቺያቸው ጋር ማዛመድ፣ በጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ፖሙን ብቻ ቀይ መቀባት፣ «24ኛውን ምዕራፍ ጻፍ» (መጽሐፉ 23 ነው ያለው)። እኛም ይኸንኑ እንዳለ ተቀብለን ነገ በየክፍላችን ልናድለው ነው። እኔ ግን አልዋጥ አለኝ።

ከዕጣው እንጀምር። በመጽሐፉ ውስጥ እኮ ዕጣ የሚባል ነገር የለም! ጆናስ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ልጆች 12 ዓመት ሲሆናቸው ሥራ የሚመድቡላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ልጁን ለዓመታት ሲመለከቱት፣ ሲመዝኑት፣ ጠባዩን ሲመዘግቡት ቆይተው ነው። የሚሰጡት ሥራ ብዙውን ጊዜ ልክክ ይላል። ልጆቹም ደስ ይላቸዋል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። የሚያስፈራው ይኸ ነው። ዕጣ ቢሆንማ ኖሮ ዕድሌ ነው ብሎ ማጉረምረም ይቻል ነበር። እኛ የተጫወትነው ሎተሪ ነው፤ ከሎተሪ ደግሞ ስለ ጨዋ አምባገነንነት ምንም አይማሩም።

«ወላድ»ስ? በመጽሐፉ ውስጥ ወላድ የተባለች ሴት በሦስት ዓመት ሦስት ልጅ ትወልዳለች። ልጆቹ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣሉ። ከዚያ እስክታረጅ ድረስ የጉልበት ሠራተኛ ነች። ይህንን ያስረዳን የለም። ጓደኛችንን ግን ሳቅንባት፤ አንገቷን ደፍታ «ምን ተሰማችሁ?» ለሚለው መልስ ጻፈች።

ዋናው ነገሬ ግን አንድ ቃል ነው፤ ስንብት። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ተለማማጅ አብራሪ አቅጣጫ ተሳስቶ በማኅበረሰቡ ላይ አልፎ ይበራል። በድምፅ ማጉያው ይህ ሰው እንደሚሰናበት ይነገራል፤ ጆናስም ፈገግ ይላል። አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ይሰናበታሉ፤ ድግስ ተደግሶላቸው፣ የሕይወት ታሪካቸው ተነቦላቸው፣ በአንዲት በር ይወጣሉ። ክብደታቸው ያልሞላ ሕፃናትም ይሰናበታሉ። ቃሉ በገጾቹ ላይ እየተመላለሰ ለጆሯችን ይለመዳል። 19ኛው ምዕራፍ ላይ ጆናስ የገዛ አባቱን በተቀረጸ ምስል ያየዋል። ሩኅሩኅ የሆነው፣ ሕፃናት አሳዳጊው አባቱ፣ ከመንትዮች ቀለል የሚለውን መርፌ ወግቶ ይገድላል። ካርቶን ውስጥ ከትቶ እንደ ቆሻሻ ይልከዋል። ሲልከውም ለሕፃን በሚወራበት ዜማ ቻው ይለዋል።

ደራሲዋ ለ18 ምዕራፍ ቃሉን አለማምዳን ነው በ19ኛው በጥፊ የምትመታን። ወርክሽቱ ምን ይላል? «ስንብት፦ ከማኅበረሰቡ መውጣት።» በመስመር አዛምድ! በገዛ እጄ አዛምጄ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። የጆናስ አባት ቢፈተን እሱም ሙሉ ማርክ ነው የሚያመጣው።

ነገሩ የአሜሪካ ልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ሰው ተገድሎ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይባል ነበር። እርምጃ! እግር የሚያነሡት ማለት ነው እንጂ ጥይት ማለት አልነበረም። በየቤታችን ያንን ቃል በዜና የሰማ አባት ወይም አያት አለ። ይህን መጽሐፍ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ስናስተምር በእጃችን ያለው ይህን የመሰለ መግቢያ ነው፤ እኛ ግን ቀይ ፖም እንቀባለን።

«ማንበብ የሚጠላውን ተማሪ በምን ታመጣዋለህ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ እኔም አሰልቺ ንግግር ይሁን አላልኩም። ሥራ ከተፈለገ አንድ ልጠቁም። 19ኛውን ምዕራፍ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ጥቂት ዝም ማለት፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ «ስንብት» የተባለበትን ሁሉ በእርሳስ ማስመር። ጆናስ ፈገግ ያለበትን ቦታ ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ ያኔ እሱ ራሱ ምን እንደተሰማው ያስታውስ። ካርቶንም ቀለምም አይጠይቅም።

ስለ 24ኛው ምዕራፍ ብዙ አልልም። ልጁና ሕፃኑ ጋብርኤል በበረዶ ላይ ተንሸራተው ወደ ብርሃኑ ሲወርዱ መጽሐፉ ያበቃል፤ ይዳኑ ይሙቱ አይታወቅም። ደራሲዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው «ሜሴንጀር» ነገሩን ገልጣዋለች ትሉኝ ይሆናል። አዎ፤ ከ11 ዓመት በኋላ! እኛ ለተማሪው አንድ ሌሊት እንኳ አንሰጠውም፤ በነጋታው ጨርሰህ አምጣ ነው።

መምህራችን በዚህ እንዳይቀየሙኝ። ሠርተው፣ ወረቀት ቆርጠው፣ አጥፈው ነው የመጡት፤ ሰነፍ መምህርማ ካርቶንም አያመጣ። ለሚመጣው ሳምንት የታዘዘው ግን የፍጹም ከተማ ሥዕል ነው። እኔ አልሥልም። ሐሙስ ማታ ከካፌ መልስ መኝታ ቤታችን ፊት ያለው ደረጃ ላይ 19ኛውን ምዕራፍ እናነባለን። ወላድ የደረሳት ጓደኛችን አነባለሁ ብላለች። ያለን ሁለት ቅጂ ብቻ ስለሆነ መጽሐፉ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እርሳስም አትርሱ።