ቲታኒየሙ ሎጊያ ላይ ቢሰበርስ?

ተጣጣፊ ብስክሌት ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሻጩም ከወዳጁም የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «አቅም ካለህ ቲታኒየም ግዛ፤ ዕድሜ ልክህን ትነዳዋለህ።» ለለንደን ነዋሪ ምክሩ ያስኬድ ይሆናል። አዋሽ ሰባት ወይም ሰመራ ላይ ለሚነዳ ሰው ግን ስህተት ነው፤ ያውም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት።

ቲታኒየም ምርጥ ማዕድን መሆኑ አያከራክርም። አይዝግም፤ በእኩል መጠን ሲመዘንም ክብደቱ የብረትን 60 በመቶ አይሞላም። ብሮምፕተን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ቲታኒየም ተጣጣፊ ብስክሌት፣ ቀላሉ ዓይነት 7.45 ኪሎ ብቻ ነው። የዚያው ፋብሪካ የብረት ብስክሌት 11 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በየቀኑ ሚኒባስ ላይ ለሚጭን ወይም ፎቅ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በለጥ ያለው የሰመራ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ግን ያን ያህል አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ «አይበገሬ ነው» የሚለው ነገር ነው። አፋር ውስጥ ብስክሌትን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው በዋናነት ዝገት አይደለም፤ አገሩ ደረቅ ነው። በበጋም በክረምትም የማይምር ሙቀት አለ፤ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጎማ ያደርቃል፣ የተለጠፈ ካላማዳሪ ያላቅቃል። እሾህም አለ። በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ ዛሬ የአሚባራንና የገዋኔን ግጦሽ ወርሯል፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ሳይቀር ይበሳል። የተጣጣፊ ብስክሌት ትንሽ ጎማ ደግሞ እንደ ተራው ባለ 26 ኢንች ጎማ በየሱቁ አይገኝም። ፍሬሙ ከምንም ቢሠራ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

ከጎማው ቀጥሎ የሚያልቀው ማጠፊያው ነው። ደቃቁ አቧራ ከግራሶው ጋር ተለውሶ ፒኑንና ማቀፊያውን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። መላላቱን ለማወቅ የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጉት፤ ከመሐል «ቋ» የምትል ድምፅ እጃችሁ ድረስ ትሰማለች። ያቺ ድምፅ ችላ ከተባለች ጭነቱ በሙሉ በማጠፊያው ዙሪያ ባለው ብየዳ ላይ ያርፋል፤ ፍሬም ሲሰነጠቅ አንዱ የሚሰነጠቅበት ቦታም ይኸው ነው።

እንግዲህ ተሰነጠቀ እንበል። ቲታኒየም ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል ከአየር ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይመጥና ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ሲበየድ ከውጭም ከቱቦው ውስጥም በአርጎን ጋዝ መሸፈን አለበት፤ ቲግ የሚባለው የብየዳ መሣሪያ፣ እንከን የሌለው ንጽሕና እና በዚሁ ማዕድን ላይ የሠራ እጅ ይጠይቃል። ሎጊያ ውስጥ በጅቡቲ መንገድ ዳር ተጎታች የሚጠግነው በያጅ በሙያው የተካነ ነው፤ ነገር ግን በኤሌክትሮድ ቲታኒየም ብየድ ማለት ፍሬሙን አበላሽ ማለት ነው። የብረት ፍሬም ይዞለት የሄደ ሰው ግን በዚያው ቀን ነድቶ ይመለሳል።

«ዋስትና አለው» የሚሉም አሉ። አብዛኛው የዕድሜ ልክ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ወንድሙ ከውጭ ያመጣለት ወይም ከሌላ ሰው የገዛ አይጠቀምበትም። የሚጠቀምበትም ቢሆን ፍሬሙን ባሕር ማዶ ልኮ፣ የመላኪያና የጉምሩክ ጣጣውን ችሎ፣ እስኪመለስ በእግሩ ይሄዳል። አጠገብ የሚጠግነው ሰው የሌለው ዕቃ እንዴት ሆኖ ነው ዘላቂ የሚባለው? ለዘመናት «ዘላቂ» የሚለውን ቃል ከማዕድኑ ጋር ብቻ አያይዘን፣ ጠጋኙን ከሒሳቡ ያወጣነው ይመስለኛል።

በብረትም ቢሆን መምረጥ ያስፈልጋል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል እጅግ የሳሳ የክሮሞሊ (ቅይጥ ብረት) ቱቦ በወፍራም ኤሌክትሮድ ሲነካ ይቀደዳል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ኪሎ ቢጨምርም ግድግዳው ወፈር ያለውን ውሰዱ። ማጠፊያው በተራ መፍቻ የሚፈታ፣ ፒኑም ቶርኖ ቤት ሊቀረጽ የሚችል ይሁን። ከቲታኒየሙ በተረፈው ገንዘብ ደግሞ አራት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ሁለት ጎማ እና አንድ ትርፍ ፒን ግዙና ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ሰመራ ላይ ብስክሌታችሁ የሚቆመው እነዚህ ሲጠፉ ነው።