«ከላይ ነው»

ሰሜን ተራሮችን ጎብኝቶ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ስልኩን ተቀበሉትና ፎቶዎቹን እዩ። ጭላዳ አለ። ዕድለኛ ከሆነ ዋልያም አለ። ገደል አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የተነሳው ደግሞ የግድ አለ! የቆመበትን ድንጋይ ፎቶ ያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም ብሆን ድንጋይ ፎቶ አነሳለሁ ብዬ አልሄድኩም።

ነገሩ የጀመረው ሊማሊሞ ላይ ነው። ከጎንደር ተነስተን፣ ዳባት ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ደባርቅን አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ሾፌሩ ፍሬን ላቀዝቅዝ ብሎ ቆመ። ከየት እንደመጣ ያላየነው አንድ ልጅ መስኮቱ ሥር ደረሰ። በእጁ የያዘው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የተፈነከተው ፊቱ ላይ ግን ነጭና ሮዝ መሳይ ነገር ያብለጨልጫል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ዳይመንድ።»

«ሂድ ወዲያ!»

«እሺ፣ ክሪስታል ነው እህቴ።»

«ከየት አመጣኸው?»

በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተኝና «ከላይ ነው» አለ። እናንተዬ፣ ሊማሊሞ ላይ ቆሞ «ከላይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰሜን በሙሉ ከላይ ነው!

ገዛሁት። (ዋጋውን አልናገርም፤ መከራከር ስለማልችል ትስቁብኛላችሁ።) አዲስ አበባ ስመለስ አልጋዬ ላይ አስቀምጬ፣ ፍላሽ አብርቼ ፎቶ አነሳሁትና ጂኦሎጂ ለተማረች ጓደኛዬ ላኩላት። መልሷ ወዲያው መጣ፦ «ይሄ ነገር ጤፍ ነው የሚያክለው ወይስ ሎሚ?» እውነቷን ነው። አጠገቡ መጠኑን የሚያሳይ ምንም ነገር አላስቀመጥኩም፤ ፍላሹም የሚያበራውን ፊት ነጭ ለጥ አድርጎታል። «ከየት ነው?» ስትል ቀጠለች። «ከላይ» አልኳት።

በትዕዛዟ ሁለተኛ ዙር ጀመርኩ። ድንጋዩን ወደ መስኮት ወሰድኩት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ። ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጥኩ። ከአራት አቅጣጫ፣ ከዚያም በጣም ተጠግቼ አነሳሁት። ቀጥሎ በቢላ ጫፍ ጫር እንዳደርገው ነገረችኝ፤ ተጫረ። ስለዚህ ኳርትዝ አይደለም፤ ኳርትዝን ተራ ቢላ አይጭረውም። ከተጫረው ዱቄት ላይ የአቼቶ ጠብታ ጣልኩ፤ አረፋ አላወጣም። ስለዚህ ካልሳይትም ላይሆን ነው። ቅርጹን ላየው ሰው ደግሞ ክሪስታሎቹ መሀላቸው ጠበብ፣ ጫፍና ጫፋቸው ገለጥ ያሉ፣ ልክ ወገቡ ላይ እንደታሰረ የገብስ ነዶ ናቸው። ፍርዷን ሰጠች፦ ዜዎላይት የሚባለው ቤተሰብ ነው፣ ምናልባትም ስቲልባይት። ምናልባትም ያለችበት ምክንያት አላት። የዜዎላይት ዓይነቶች ስለሚመሳሰሉ ፎቶ እስከ ደጃፉ ያደርሳል እንጂ ቤት አያስገባም። እርግጠኛ የሚኮነው ናሙናው ላብራቶሪ ገብቶ በኤክስሬይ ሲታይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ደስ ይላል። ሰሜን ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ነበር። ላቫው ሲወጣ ጋዝ ይዞ ነው የወጣው፤ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ያመለጠበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። የእንጀራ ዓይን አስቡ! ከዚያ ለዘመናት ሞቅ ያለ ውኃ በድንጋዩ ውስጥ ሲመላለስ የሟሟውን ማዕድን እነዚያ ዓይኖች ውስጥ እያስቀመጠ ሞላቸው። አንዱ ጋ ዜዎላይት፣ አንዱ ጋ ካልሳይት፣ አንዱ ጋ አጌት። እ.ኤ.አ. በ1756 ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ እንዲህ ያለ ድንጋይ ቢያሞቀው ውስጡ የነበረው ውኃ ወጥቶ ድንጋዩ የፈላ መሰለው። ስሙን ከግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» ብሎ ያወጣለትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የእኔ ጭቅጭቅ ይህ ነው፦ ስሙን በቢላና በአቼቶ ተንደርድረን ደረስንበት። የተወለደበትን ቦታ ግን ምንም ላብራቶሪ አይመልስልኝም። በማዕድን ሰብሳቢዎች ዓለም ደግሞ ቦታው ያልተጻፈበት ናሙና መታወቂያ የሌለው ሰው ነው። ያምራል፣ ግን የትም አያስገባውም።

ህንድን ተመልከቱ። የዴካን አምባ እንደ እኛው በላቫ ላይ ላቫ እየተደረበ የተሠራ ነው። በፑኔ አካባቢ ካሉ የድንጋይ ካባዎች የወጣ ዜዎላይት ዛሬ በየአገሩ ሙዚየም ውስጥ «ፑኔ» የሚል ካርድ ከፊቱ አስቀምጦ ይኮራል። የእኛው በላስቲክ ተጠቅልሎ «ከላይ» ተብሎ ይሄዳል።

ይሄ የሙዚየም ቅንጦት ብቻ ከመሰላችሁ የኦፓላችንን ታሪክ ስሙ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ የተገኘው ኦፓል ሲደርቅ እየተሰነጣጠቀ ገዢዎችን አስለቅሷል። በዚህም የተነሳ «የኢትዮጵያ ኦፓል» የሚለው ስም በገበያው ክፉኛ ተጎዳ። በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና ላይ፣ ደላንታ ገደል ውስጥ፣ ሌላ ኦፓል ብቅ ሲል ብዙዎች በዚያው ዓይን አዩት። የወሎው ግን ከመዘዞው በጣም የተሻለ ጥንካሬ ያለው፣ ውኃ ውስጥ ሲነከር ውኃ ጠጥቶ መስታወት መስሎ የሚታይ፣ ሲደርቅ ቀለሙ የሚመለስለት ሌላ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ጠበብቱ ቦታውን፣ የወጣበትን የድንጋይ ንጣፍና ጠባዩን ከነፎቶው ጽፈው አሳተሙለት። «የወሎ ኦፓል» ዛሬ በራሱ ስም ይሸጣል። አንድ አገር፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ጠባይ። ቦታው ሲጠፋ የአንዱ ጥፋት ለሌላው ይተርፋል ማለት ነው። (የሰሜኑ ዜዎላይት እንደ ኦፓል ሚሊየነር አያደርግም፤ ማንም እንዳያታልላችሁ።)

«ታዲያ ልጆቹ ድንጋይ መሸጥ ይከልከሉ» የሚሉ አሉ። ከፓርኩ ክልል ውስጥ መፈንቀል ይቅር፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ገደል ላይ የሚንጠላጠል ልጅም ያስፈራኛል፤ ደላንታ ላይ ዋሻ ተንዶባቸው የሞቱ ወጣቶች ነበሩ። ግን ከጦርነቱ ወዲህ ቱሪስት በሳሳበት መንገድ ላይ ቆሞ ለደብተር መግዣ የሚለምንልኝን ሳይሆን የሚሸጥልኝን ልጅ፣ ከተማ ተቀምጬ «ተው» ለማለት አፌ አይደፍርም። ደግሞም እየቆፈረ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ መንገድ ሲሠራ፣ ናዳ ሲወርድ ራሱ ተፈንክቶ ይወድቅለታል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጁ ቦታውን ለምን ይንገረኝ? ቢነግረኝ ነገ ሌላ ልጅ ቀድሞት ይሄዳል። «ከላይ» ማለቱ አለማወቅ አይደለም፣ ንግድ ነው! የትም አገር ያለ የድንጋይ ነጋዴ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በነፃ ንገረኝ ማለት ነውር ይመስለኛል። ቦታው ለተጻፈበት ድንጋይ ጨምረን እንክፈል። ጉድጓዱን ባይነግረን ቀበሌውን ይንገረን፤ ለካርዱ እሱም ትልቅ ነገር ነው። የምንችል ደግሞ ድንጋዩ ከቦታው ሳይነሳ፣ ሳንቲም አጠገቡ አድርገን፣ ፎቶውን እናንሳና ለእሱም ስሙን እንንገረው። ዳይመንድ ከማለት ስቲልባይት ማለት ሳይሻለው አይቀርም፣ ቢያንስ የሚያውቅ ገዢ አይስቅበትም። ደባርቅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ አንድ የመስታወት ቁም ሣጥንና ጥቂት ካርዶች በጀት የሚያናጉ አይመስለኝም።

ስንመለስ ልጁን ፈለግኩት። አጣሁት። ሌላ ልጅ ግን የተፈነከተ አጌት ይዞ ቀረበኝ፤ ቦታውን ከነገርከኝ ጨምሬ እከፍላለሁ አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አየና ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ በአጌቱ ካርድ ላይ ግን አለ። በነዶው ካርድ ላይ «የተገኘበት ቦታ» ከሚለው ፊት ለፊት የጻፍኩት የመጀመሪያው ልጅ ያለኝን ነው፦ «ከላይ»።