አስፈሪ ፊልም በማስታወቂያው ላይ ምን ያህል ይታይ?

የሲኒማ ማስታወቂያ ሥዕል ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው መንገደኛውን ማስቆም ነው፤ ሁለተኛው የቆመውን ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ቲኬት እንዲገዛ ማድረግ ነው። ለሣቅና ለፍቅር ፊልም ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚሥቅ ፊት ወይም የተቃቀፉ ሁለት ሰዎች መሣል ይበቃል። የሚያስፈራ ፊልም ግን የተለየ ችግር አለበት። ሰው በተፈጥሮው ከሚያስፈራው ነገር ይሸሻልና፣ ሠዓሊው የሚያሸሸውን ነገር ይዞ «ወደዚህ ቅረብ» ማለት ይኖርበታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ይህን ችግር በሚገባ የፈቱት ማስታወቂያዎች የሚያስፈራውን ነገር የሸፈኑት እንጂ የገለጡት አለመሆናቸውን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የዚህን ሥዕል ልማድ እንመልከት። መደቡ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከታች ወደ ላይ ይበራል። ፀሐይ ከላይ ስለምታበራ ዓይናችን የለመደው ጥላ ወደ ታች ሲወድቅ ነው፤ ብርሃኑ ከአገጭ በታች ሲመጣ ግን ጥላው ወደ ግንባር ይወጣና የምናውቀው ፊት እንግዳ ይሆንብናል። ፊደሉ በጥፍር የተጫረ ወይም እንደ ደም የሚንጠባጠብ መስሎ ይጻፋል። ፊት ከተሣለ ግማሹ በጨለማ ይዋጣል፤ ቤት ከተሣለ አንድ መስኮት ብቻ ይበራል። ከፊደሉ በቀር እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ይኸውም ከሥዕሉ ውስጥ ጥቂት ቦታ ለተመልካቹ አሳብ መተው ነው።

በ1973 ዓ.ም. የወጣውን «ኤክሶርሲስት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም እንውሰድ። ታሪኩ ርኩስ መንፈስ ስለ ያዛት ልጅ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ትርኢት ብዙ ተመልካች ያስደነገጠ ነው። ማስታወቂያው ግን የልጅቷን ፊት አያሳይም፤ መንፈሱንም አያሳይም። ባርኔጣ ያደረገና ቦርሳ የያዘ አንድ ሰው በሌሊት ከቤት ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከመስኮቱ የሚወጣው ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ይታያል። ለዚህ ትርኢት መነሻ የሆነው የቤልጅጉ ሠዓሊ ረኔ ማግሪት «የብርሃን መንግሥት» በሚል ስም የሣላቸው ሥዕሎች ናቸው። ተመልካቹ «በዚያ መስኮት ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ለማግኘት ግን መግባት አለበት። እንዲሁም በ1979 ዓ.ም. የወጣው «ኤልየን» በጥቁር መደብ ላይ አንድ የተሰነጠቀ እንቁላልና ከስንጥቁ የሚወጣ ብርሃን ብቻ አሳየ። አውሬው ከቶ አይታይም።

«ታዲያ የ1975ቱ ‹ጆውስ› አውሬውን በግልጽ አሳይቶ የለምን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሮጀር ካስቴል የተባለው ሠዓሊ በመጀመሪያ ለመጽሐፍ ሽፋን የሣለው ይህ ሥዕል፣ ሻርክ የተባለውን ታላቅ ዓሣ ጥርሱን አግጦ ያሳየናል። ነገር ግን ሥዕሉን ልብ ብለን እንመልከተው። ዋናተኛዪቱ ከላይ ሆና ምንም አታውቅም፤ ዓሣው ገና አልነካትም፤ ደም የለም። ሠዓሊው የሸፈነው ዓሣውን ሳይሆን የሚቀጥለውን ቅጽበት ነው። ያንን ቅጽበት የሚጨርሰው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ይህ ጥበብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ልጅ ሲያስቸግር «ጭራቅ መጣ!» ይባላል እንጂ፣ የጭራቁ ጥርስና ጥፍር ተቈጥሮ አይነገረውም። ቢነገረው ኖሮ ልጁ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ፍርሃቱን ይረሳው ነበር።

በጋና አገር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታየው ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር ይዘው ከመንደር ወደ መንደር የሚዞሩ ፊልም አሳዮች ነበሩ። ሠዓሊዎቻቸው በዱቄት ጆንያ ላይ በዘይት ቀለም እባብ፣ የተቈረጠ ራስ፣ የሚጐርፍ ደም ይሥሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ፊልሙን ሳያዩ ስለሚሥሉ፣ በፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ይጨምሩበት ነበር። እኔ ትጋታቸውንና ድፍረታቸውን አደንቃለሁ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። ይሁን እንጂ እባብ አያለሁ ብሎ የከፈለ ሰው እባቡን ሲያጣ መታለሉ አይቀርም። ደግሞም ያንን ሁሉ እባብ የፈጠረው ምንድን ነው? ሠዓሊው ፊልሙን አለማየቱ ነው! ያልታየ ነገር አሳብን እንዴት እንደሚያሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከጥበቡ ሌላ የኅብረተሰብ ጉዳይም አለ። ሲኒማ ቤት የሚገባው ፈልጎና ከፍሎ ነው፤ ማስታወቂያው ግን በጎዳና ላይ ስለሚለጠፍ ያልፈለገውም ሰው፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃንም ያየዋል። በ2007 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ «ካፕቲቪቲ» ለተባለ ፊልም አንዲት ወጣት ስትጠለፍ፣ ስትታሰር፣ ስትሠቃይና ስትሞት የሚያሳይ ታላላቅ ማስታወቂያ በአደባባይ ተሰቀለ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ ማስታወቂያው ወረደ፤ የአሜሪካ የፊልም ማኅበርም ያልተፈቀደ ሥዕል በመሰቀሉ የፊልሙን የዕድሜ ደረጃ ምደባ ለጊዜው አገደ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሰዎች አስፈሪ ማስታወቂያ ሁሉ ይከልከል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የ«ኤክሶርሲስት»ን መስኮት ሕፃን ቢያየው አንድ ሰውና አንድ ቤት ያያል፤ ትልቁ ሰው ግን ይፈራል። ስለዚህ መሸፈን ለጥበቡም ለጎዳናውም ይበጃል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ለትምህርት ቤታችን ቲያትር ማስታወቂያ የምንሥለው እኛው ነን። ጎራዴና ደም ለመሣል ቀይ ቀለም ከማፍሰሳችን በፊት፣ ከታሪኩ ውስጥ የትኛውን በር ዘግተን ብናሳይ ተመልካቹ ሊከፍተው እንደሚመጣ እንመካከር። ቀይ ቀለሙም ይተርፈናል።