ጥፊውና ጥያቄው

በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ በኩል ሳልፍ ጫማዬን ለማስጠረግ አረፍ የማለት ልማድ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ እግሩን ሣጥኑ ላይ ሰቅሎ በስልክ ያወራል። ሊስትሮው ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቁሩ ቀለም ካልሲውን ነክቶበት መሰለኝ፣ ሰውዬው ስልኩን ከጆሮው እንኳ ሳያነሳ ልጁን በእጁ ጀርባ አላሰው። ብሩሹ ከልጁ እጅ አምልጦ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ልጁ። አላለቀሰም። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን እያየ ነው የጠየቀው።

ሰውዬው አልመለሰም። የመለሱት አጠገቤ ጋቢ ለብሰው የቆሙ አንድ አባት ናቸው። «ተው ልጄ፣ ዝም በል። ሌላውንም አዙርለት አይደል የሚለው ወንጌሉ?» አሉት፣ በደግነት። የመታውን ግን ምንም አላሉትም። እኔም አላልኩትም። ሰውዬው ብር ወርውሮ ሄደ፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ ልጁም ብሩሹን አንስቶ ጫማዬን ጠረገ።

እኒያ አባት የጠቀሱት ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሚገኝ ነው፤ የማያውቀው የለም። የሚገርመኝ ሁልጊዜ ለተመታው መነገሩ ነው። ፊቷ አብጦ ወደ ንስሐ አባቷ ለሄደች ሚስት ይጠቀሳል፤ ደመወዙን ለተበላ የቀን ሠራተኛ ይጠቀሳል። ለመቺው ሲጠቀስ ግን ሰምቼ አላውቅም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የቆየ ፍርሃታችንን የጌታ ቃል አልብሰን ተቀመጥን። ጎመን በጤና መልካም ምክር ሊሆን ይችላል፤ ከተራራው ስብከት ግን የተወሰደ አይደለም።

ቃሉን ቀረብ ብሎ ላየው «ቀኝ ጉንጭ» ይላል። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ቀኝ ጉንጭ የሚያገኘው በእጁ ጀርባ ነው። አሜሪካዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዋልተር ዊንክ ከዚህ ተነስቶ፣ ይህ የእኩያሞች ድብድብ ሳይሆን ጌታ ባሪያውን የሚያዋርድበት ጥፊ ነው ይላል። ሌላውን ጉንጭ የሚያዞር ሰውም፣ በእሱ አተረጓጎም፣ ከመታኸኝ እንግዲህ እንደ ሰው ምታኝ ማለቱ ነው። ሊቃውንቱ ሁሉ አልተስማሙበትም። እኔም ነገሩ የተራቀቀ ይመስለኝ ነበር፣ የዚያን ልጅ ቀና ያለ ፊት እስካይ ድረስ።

ትርጓሜው ባያስማማንም ግን አንድ ሌላ ምስክር አለን፤ ራሱ ተናጋሪው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ኢየሱስ ታስሮ በሐና ፊት ቆሟል። ከሎሌዎቹ አንዱ፣ ለሊቀ ካህናቱ እንዲህ ትመልሳለህን ብሎ በጥፊ መታው። ኢየሱስ ምን አደረገ? ዝም አላለም። መልሶም አልመታም። ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክርብኝ፣ መልካም ከሆነ ግን ለምን ትመታኛለህ ሲል ጠየቀው። የሊስትሮው ጥያቄ ማለት ነው። እጁ ለታሰረ ሰው የቀረው ጥያቄው ነበር፤ እሱንም አልዋጠውም። ሎሌው መልስ እንደሰጠ ወንጌሉ አይነግረንም።

ይህን ስል ጎራዴ የሚስለውን ወገን ደስ እንዳላሰኝ እፈራለሁ። ጥይት በየአቅጣጫው በሚጮህበት በዚህ ዘመን ወንጌል ጠቅሶ ደም የሚጠራም አልጠፋምና። ለእሱም መልሱ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ ከጥፊው ጥያቄ አሥራ ሁለት ቁጥር ቀደም ብሎ ተጽፏል። ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ ነበር፤ ጌታ ወደ ሰገባው መልሰው አለው። ሰይፉ ያረፈው ደግሞ በሊቀ ካህናቱ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ጆሮው የተቆረጠው ማልኮስ ባሪያ ነው። ሉቃስ ኢየሱስ ያንን ጆሮ ዳስሶ እንደፈወሰው ጽፏል። ሰይፉን ያስመለሰውም ጥፊውን የጠየቀውም ያው አንዱ ሰው ነው፣ ያውም በአንድ ሌሊት።

ያን ቀን አደባባዩ ላይ ዝምታዬን ያከበደብኝ ከበላያችን የቆመው ሐውልት ነው። ለባቡር ግንባታ ተብሎ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው የተመለሰው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት። የፋሺስት ኢጣሊያ ሹሞች ከጳጳሱ የፈለጉት አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ነበር። በወራሪው ቋንቋ ይህ ሰላም መስበክ ነው። አቡኑ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ በጥይት ተገደሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። አቡኑ ጠመንጃ አንግበው ከዘመቱት ከሰላሌ አርበኞች ጋር ነበሩ። ስለዚህ እሳቸውን ሰይፍን ፈጽሞ ላወገዘ ክርስትና ምሳሌ ላድርግ ብል ታሪኩን መቀሸብ ይሆንብኛል። ፍርድ ፊት የቆሙት ግን በቃላቸው ብቻ ነው። ግፍን ሰላም ብለው እንዲጠሩ ተጠየቁ፣ አልጠሩትም።

ትናንት ወደ አደባባዩ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ እዚያው ቦታው ላይ ነው። ስለዚያ ቀን ዝምታዬ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ጀመርኩ።

«የቱ ቀን ጋሼ?» አለኝ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ሰባኪዎች፣ ማቴዎስ 5ን ስትገልጡልን ዮሐንስ 18ንም አብራችሁ ግለጡልን። ሱፍ ለባሹም ከመሃላችን ተቀምጦ ይሰማልና፣ እሱን እያያችሁ አንብቡት።