ማን ወሰነ? ማን ደከመ?

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ኮንፈረንስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ማኅበር ነው። ሥሩ እስከ 1915 እ.ኤ.አ. የሚመዘዘው የምዕራቡ ጠረፍ ማኅበር ፓክ 12፣ በነሐሴ 2024 ከ12 አባላቱ ሁለት ብቻ ቀሩት። ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዲሬክተሮች ላይ ነው። ይህ አመለካከት በጥሞና መመርመር አለበት እንላለን።

ዲሬክተሩ አሠልጣኝ የሚቀጥርና የሚያሰናብት፣ በጀት የሚያዘጋጅ፣ ከለጋሾች ገንዘብ የሚያሰባስብ ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ነው። የዝውውሩን ሐሳብ አጥንቶ ያቀርባል፤ በዝግ በር ይመክራል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፕሬዝዳንቱና የቦርዱ ነው። ከእነርሱም በስተጀርባ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ቆመዋል። የሎስ አንጀለሶቹ ዩሲኤልኤና ዩኤስሲ ቢግ ቴን ወደተባለው ማኅበር እንደሚገቡ በሰኔ 2022 ማብቂያ አስታወቁ፤ ቢግ ቴንም በነሐሴ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል አሰረ። በጊዜው የዩሲኤልኤ ስፖርት ክፍል የተጠራቀመ ኪሣራ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በልጦ ነበር። በኪሣራ የተያዘ ሥራ አስኪያጅ ገንዘቡ ወዳለበት ቢያመራ ምን ያስደንቃል?

ይህ ማለት ግን ዲሬክተሮቹ ከተጠያቂነት ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ቢግ ቴን መዛወሩን ባስታወቀበት በዚያው ወር፣ በነሐሴ 2023፣ ዲሬክተሯ ጄኒፈር ኮኸን ወደ ዩኤስሲ ሄዱ። የተተኩት ትሮይ ዳነን ስድስት ወር ሳይሞላቸው ወደ ኔብራስካ አቀኑ። በመጋቢት 2024 ወንበሩን የያዙት ፓት ቸን ደግሞ የመጡት ተጥለው ከቀሩት ሁለቱ ከአንዱ፣ ከዋሽንግተን ስቴት ነው! ዲሬክተር እንዲህ በቀላሉ ቦታ ይለውጣል።

ተጫዋቹስ? ከሎስ አንጀለስ ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው ረትገርስ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል፤ ትምህርቱም ይጠብቀዋል። ፋብሪካው ሳይጠየቅ የተዛወረበት ላብ አደር ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ የዩሲኤልኤን ዝውውር በታኅሣሥ 2022 ሲያጸድቅ ለተጫዋቾች ምግብ፣ ለአእምሮ ጤናና ለጉዞ ተጨማሪ ወጪ እንዲደረግ አዟል። ካሣው ራሱ የጉዳቱ ማስረጃ ነው። ከሐምሌ 2025 ወዲህ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾች መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ድምፅ ግን አልተሰጣቸውም።

በመሆኑም ዝውውር የሚያቀርብ ዲሬክተር የገቢውን ስሌት ለቦርዱ ከማቅረቡ አስቀድሞ የጉዞውን መርሐ ግብር ለተጫዋቾቹ ማሳየትና ሐሳባቸውን በጽሑፍ መቀበል ይኖርበታል።