ብርቱካን የምንገዛው ሰው ሲታመም ብቻ ነው?



እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ብርቱካን የገዛችሁት መቼ ነው? ብዙዎቻችሁ «በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ» እንደምትሉ እገምታለሁ። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለን ሄደን አልጋው አጠገብ እናስቀምጣለን። ሰውየው ሳይታመም በፊት ግን ያንን ብርቱካን ከገበታው ላይ ያኖረለት አልነበረም።

ጎመንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ክብር የለውም። «ጎመን በጤና» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ላጣ ሰው መጽናኛ እንዲሆን ነው። እኔ ግን ተረቱን ቃል በቃል እወስደዋለሁ፤ ጎመን በአግባቡ ከተበላ ጤና ነው።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ሰላጣ ነው፤ በተለይ በወግዲ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ላላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ደም ማነስ ተገኝቶባቸው የአይረን ኪኒን ሰጥቻቸው፣ እንደ ልማዴ «አትክልትና ፍራፍሬ ይብሉ» አልኳቸው። «ዶክተር፣ ሰላጣ የከተማ ሰው ምግብ ነው፤ እኛ ያለን የጓሮ ጎመን ነው» አሉኝ። አፈርኩ። የሚያስፈልጋቸው ነገር ከቤታቸው ጓሮ ነበር። የጎደለው የእኔ ምክር ነው፤ «ብሉ» እንጂ «እንዲህ አድርጋችሁ ብሉ» ብዬ አላውቅም ነበር። ይህ የብዙዎቻችን ባለሙያዎች ጥፋት ይመስለኛል።

✅ ለምን ጎመንና ፍራፍሬ አንድ ላይ?

በጎመን፣ በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለው አይረን ከሥጋው አይረን ይልቅ ለሰውነታችን በቀላሉ አይመጠጥም። ቫይታሚን ሲ ግን መመጠጡን ያግዘዋል። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በሎሚ፣ በብርቱካን፣ በዘይቱን፣ በማንጎ፣ በፓፓያና በቃሪያ ውስጥ አለ። ቁም ነገሩ በአንድ ማዕድ መቅረባቸው ነው። ጠዋት ብርቱካን፣ ማታ ጎመን ቢሆን ያንን ጥቅም አያስገኝም።

ዘይቱም ያለ ምክንያት አይጨመርም። በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። ትንሽ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይበቃል። ከሚረጋው ዘይት ፈሳሹ ይሻላል።

ቡናስ? ቡናና ሻይ የአይረንን መመጠጥ ይቀንሳሉ። ቡና ተዉ አልላችሁም፤ በወሎ ይህን ብል ማን ይሰማኛል! ከምግቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። የአይረን ኪኒን የምትወስዱ እናቶችም ኪኒኑን በቡናም በሻይም አትዋጡ።

✅ አሁን ወደማልስማማበት ነገር ልምጣ

በየማኅበራዊ ሚዲያው «ቅጠል ጥሬውን ብሉ፣ ከበሰለ ጥቅሙ ይጠፋል» የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ይህ ምክር የተጻፈው ከቧንቧው ንጹህ ውሃ ለሚወርድለት ሰው ነው። በእኛ አገር ቅጠል የሚጠጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ወንዝ ወይም ጎርፍ ነው፤ አዲስ አበባም ቢሆን በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት የሚያሳስበን ለዚህ ነው። በክረምት ደግሞ ጎርፉ ሜዳ ላይ የተጸዳዳነውን ሁሉ ይዞ ወደ ማሳው ይገባል። ባልታጠበ ጥሬ ቅጠል አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድና የወስፋት እንቁላል ሊመጣ ይችላል። ወስፋት ያለበት ልጅ የበላው ምግብ ለሰውነቱ በቅጡ አይደርሰውም፤ ለጤናው ብለን ያበላነው ሰላጣ መልሶ ይጎዳዋል።

«አቼቶና ሎሚ ይገድለዋል» የምትሉም አላችሁ። አትመኑት። አቼቶ አንዳንድ ባክቴሪያ ይቀንስ ይሆናል፤ የወስፋትን እንቁላል ግን አይገድልም። በረኪናም ቢሆን ለወስፋት እንቁላል አያስተማምንም። እሱን የሚያስወግደው በእጅ ፈትጎ ማጠብ፣ የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው።

በሌላ በኩል የእኛ አበሳሰልም ችግር አለበት። ጎመኑን ረጅም ሰዓት ቀቅለን ውሃውን እንደፋዋለን። ከውሃው ጋር ቫይታሚን ሲውና ለነፍሰ ጡር በጣም የሚያስፈልገው ፎሌት አብረው ይደፋሉ።

ስለዚህ የእኔ አቋም መካከለኛው ነው፦ ቅጠሉን ለአጭር ጊዜ በፈላ ውሃ፣ ፍራፍሬውን ልጦ በጥሬው።

✅ አሠራሩ (ለአንድ ቤተሰብ)

1. ለጋ ጎመን ወይም ቆስጣ ሁለት እስር። ቅጠል በቅጠል ለያይታችሁ፣ ሳትከትፉት በፊት፣ ፊቱንም ጀርባውንም በእጃችሁ እየፈተጋችሁ ከጆግ በሚወርድ ውሃ እጠቡ። አፈር እስኪጠፋ ውሃውን ቀይሩ።
2. ውሃ በደንብ ሲፈላ ቅጠሉን ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነክራችሁ አውጡት። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቀዝቅዙት፣ ጨምቃችሁ በስሱ ክተፉት።
3. አንድ ብርቱካን ወይም ማንጎ አጥባችሁ ልጡና በትንንሹ ቁረጡ። ከሌለ ፓፓያ ወይም ዘይቱን ይሆናል። በደንብ የታጠበና የተላጠ ካሮትና ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ጨምሩ።
4. ማጣፈጫው፦ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሰናፍጭና ቁንጥር አዮዲን ያለው ጨው። ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በደንብ ናጡት። ስትቀርቡ አፍስሱበት።
5. ከላይ የተቆላና የተፈጨ ተልባ ነስንሱበት። ከእንጀራ ጋር ብሉት።

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለፍልሰታ ጿሚዎችም፣ በረመዳን ለፉጡርም የሚሆን ነው።

«ብርቱካን ከጎመን ጋር?» ብላችሁ ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም፤ ብርቱካን የሎሚ ዘመድ ነው። አንዴ ቅመሱትና ፍረዱ።

የሰላጣ ቅጠል ግን በፈላ ውሃ አይሆንም። ጥሬውን መብላት ከፈለጋችሁ ከላይ እንዳልኩት ፈትጋችሁ አጥባችሁ፣ መጨረሻ ላይ በውሃ አጋር በታከመ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁት። ማጠባችሁን ካላመናችሁበት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ባይቀርብ እመርጣለሁ።

⚠️ ጥንቃቄ

• የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው መጠኑን በድንገት አትጨምሩ፣ አትቀንሱም።
• የኩላሊት ሕመም ወይም ጠጠር ያለባችሁ፦ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ቆስጣ በተለይ ለጠጠር አይመከርም።
• ስኳር ያለባችሁ፦ ፍራፍሬውን በመጠኑ፣ ጭማቂ ሳታደርጉ ብሉ።
• ማጣፈጫው ላይ ማር የምትጨምሩ፦ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።
• ደም ማነስ በሰላጣ ብቻ አይታከምም። የታዘዘላችሁን ኪኒን አታቋርጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ሩቅ ነው፤ የብርቱካንን ዋጋ አውቃለሁ። ግን አንድ ሎሚ ብርቱካን የማይደረስበት ቤት ሊገባ ይችላል፤ ጎመኑ ደግሞ ጓሮ አለ። ጎመኑንና እንቁላሉን ለገበያ፣ ሽሮውን ለቤት የምናደርግ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ እስር ለነፍሰ ጡሯና ለልጆቹ እናስቀር።

ብርቱካኑን ሰው ከመተኛቱ በፊት እንግዛው። ጎመን በጤና!

ለወዳጅ ዘመድ አጋሩት። መልካም ጤና።