«ተገኘ» ስንል ማን ጠፍቶበት ነበር?

ይህን ስናነሳ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ደግሞ ጀመራችሁ!» ይሉናል። አዎ፣ ጀመርን። ምሁር ነን ባዮቹ እኛ ስለ መርዝ ጋዝ ስንጠየቅ የምናነበንበው የታወቀ ነው፤ ማይጨው፣ አሸንጌ፣ የጃንሆይ የ1928ቱ የጄኔቭ ንግግር፣ አለቀ። ፈተናውንም በዚሁ እናልፋለን። ከማይጨው ሦስት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ዘረት ላይ የሆነውስ?

በሚያዝያ 1931፣ በፋሲካ ሰሞን፣ የአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ አርበኞች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር ዋሻ ገብተው ነበር። የፋሺስቱ የኬሚካል ጓድ በዋሻው አፍ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። ሕፃን የሚለይ ጋዝ ደግሞ የለም! እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶችም በጥይት ፈጇቸው። የሟቾቹ ግምት ከ800 እስከ 1,500 ይደርሳል። ጣሊያን የ1917ቱን የጄኔቭ ውል ፈርማ ነበር (ውል መቼም ወረቀት ነው)፤ በጋዝ መጠቀሟን መንግሥቷ ያመነው ግን በ1988 ነው።

በ1998 ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ እኛም «ዋሻው ተገኘ» እንላለን። ኧረ ለመሆኑ ማን ጠፍቶበት ነበር? የአገሬው ሰው «አመጸኛ ዋሻ» እያለ ሲጠራው ኖሯል። የጠፋው ከእኛ ደብተር ነው። የሮማ መዝገብ እስኪገለጥ የጠበቅነው ገበሬውን መጠየቅ አሳፍሮን ይሆን?

ከእናት ከአባታቸው የሰሙ ሰዎች ዛሬም መንዝ ውስጥ አሉ። ክረምት ሲገባ ወደዚያ የምንሄድ ልጆች ጥቂት አይደለንም፤ ደብተር እንያዝ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «አባቴ፣ ከዘመድዎ ከዚያ ዋሻ ያልተመለሰ ማን ነው?»